የመክሰስ ሱቅ በትምህርት ቤት
ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለልማት ሠራተኞች የቀረበ ምክር

ጧት ከሁለት ሰዓት በፊት በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ወደ ግቢው የሚገቡትን ልጆች የተመለከተ ሰው፣ ብዙዎቹ ረጅም መንገድ በእግራቸው ተጉዘው እንደሚመጡ ያያል። ከእነዚህ ውስጥ ቁርስ ሳይቀምስ ከቤቱ የወጣው ስንቱ እንደሆነ መምህሩን ቢጠይቅ፣ መምህሩ ቁጥር አይነግረውም፤ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ዴስክ ላይ ግንባራቸውን የሚያሳርፉትን ልጆች ግን አንድ በአንድ ሊያሳየው ይችላል። በአራት ሰዓት የዕረፍት ደወል ሲደወል ጥቂት ብር የያዘው ልጅ ወደ በሩ ይሮጣል። እዚያ የሚጠብቀው ከረሜላ፣ ማስቲካ፣ በቀለም የተበጠበጠ የስኳር ውኃና በዘይት የተጠበሰ ቦምቦሊኖ ነው። በዚያው ቀበሌ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ግን ገብስና ሽምብራ በጆንያ ተደርድሮ ይገኛል።

በመጋዘኑና በትምህርት ቤቱ በር መካከል ያለው መንገድ አጭር ነው። ማኅበሩ በትምህርት ቤቱ ፈቃድ በግቢው ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ ቢከፍት አባላቱ ለምርታቸው ተጨማሪ ገበያ ያገኛሉ፤ ልጆቹም ሆዳቸውን የሚይዝ ነገር ያገኛሉ። ይህ ለሁሉም ግልጽ ስለሆነ ብዙ አናትትበትም። አብዛኛውን ቦታ የምንሰጠው ለሌላ ጉዳይ ነው። ይኸውም እህሉ ከጎተራ ወጥቶ ወደ ልጅ አፍ እስኪገባ ድረስ ያለፈበትን መንገድ ተከታትሎ የማያውቅ ማኅበር፣ ሱቁን ባይከፍት ይሻላል የምንልበት ምክንያት ነው።

ምን ይሸጥ?

ለዚህ ሱቅ ከቆሎ የተሻለ ሸቀጥ የለም ብለን እናምናለን። ቆሎ ሳይበላሽ ይቆያል፤ ሳህንና ማንኪያ አያስፈልገውም፤ በኪስ ይያዛል፤ የሚጾመውም የማይጾመውም ይበላዋል። ልጆች ደግሞ አያፍሩበትም፣ ከቤታቸው የሚያውቁት ነው። ገብስ ብቻውን ኃይል ሰጪ ቢሆንም ሰውነት ገንቢው ክፍል የተሟላ አይደለም። በጥራጥሬ ውስጥ የሚገኘው የገብሱን ጉድለት ይሸፍናል፤ የጥራጥሬውንም ጉድለት ገብሱ ይሸፍናል። ስለሆነም ሦስት እጅ ገብስ ወይም ስንዴ ከአንድ እጅ ሽምብራ ጋር ቢደባለቅ መልካም ነው። ጥቂት ሱፍ ወይም ኦቾሎኒ ቢጨመርበት ቅባት ያገኛል፤ ይጣፍጣልም።

ለገብሱ ገለባው በቀላሉ የሚለቀው ሰነፍ ቆሎ የሚባለው ዐይነት ከተገኘ የመፈተጉን ድካም ይቀንሳል። ለሽምብራው ፍሬው ትልቅና ነጣ ያለው ዐይነት ይመረጣል፤ ከደብረ ዘይት የወጡት አረርቲና ሻሾ የሚባሉት ዝርያዎች በብዙ አካባቢ ይታወቃሉ። ሽምብራው ከመቆላቱ በፊት በሙቅ ውኃ ለጥቂት ጊዜ ተነክሮ፣ ተንጠፍጥፎ፣ ውኃው ከላዩ እስኪደርቅ መሰጣት አለበት። ይህ ሳይደረግ የተቆላ ሽምብራ እንደ ጠጠር ስለሚሆን የልጅ ጥርስ ያማል። ለዜሮ ክፍል ሕፃናት ደግሞ ሽምብራም ሆነ ኦቾሎኒ በሙሉ ፍሬው አይሰጥ፤ ትንታ ያመጣል። ለእነርሱ በሶ ወይም ዳቦ ይሻላል። በሶው የሚበጠበጠው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ መሆን አለበት።

ከቆሎ ቀጥሎ የሚሸጠው እንደ አካባቢው ይለያያል። በደጋ የተቀቀለ ድንችና ካሮት፣ በወይና ደጋና በቆላ ሙዝ፣ ብርቱካንና ፓፓያ፣ በመስከረም የበቆሎ እሸት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የሽምብራ እሸት ይገኛል። በሲዳማና በወላይታ በኩል ያላችሁ ማኅበራት ሥጋው ብርቱካንማ የሆነውን ስኳር ድንች አትርሱ፤ ኩልፎና ቱላ የሚባሉትን ዝርያዎች የልማት ሠራተኛው ያውቃቸዋል። ይህ ስኳር ድንች ለዐይን የሚጠቅመው የቫይታሚን ኤ ምንጭ ነው። ከነልጣጩ ተቀቅሎ ቢሸጥ መካከለኛ መጠን ያለው አንዱ ለአንድ ትንሽ ልጅ የቀን ፍላጎት የሚበቃ ያህል ይይዛል። ነጩ ስኳር ድንች ይህ ጥቅም የለውም። ስለዚህ ቆርጦ ሥጋውን ማየት እንጂ በልጣጩ ቀለም መታለል አይገባም።

እህሉን ስለ መምረጥ

በዚህ ክፍል ላይ ትዕግሥት እንድታደርጉ እንለምናለን።

አንደኛው ጉዳይ ጓያ ነው። ጓያ ድርቅንም ውኃ መቋጠርንም የሚችል፣ ዝናብ ሲጠፋም ብቻውን ከማሳ የሚገኝ ሰብል በመሆኑ ገበሬው አይጠላውም። ነገር ግን ኦዳፕ የሚባል መርዝ በውስጡ አለ። ሰው ለሁለትና ለሦስት ወር ጓያን ዋና ምግቡ ካደረገ እግሩ ሊተሳሰርና እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሽባ ሊሆን ይችላል። በሽታው ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። በ1969 ዓ.ም. ገደማ በደምቢያና በፎገራ፣ እንዲሁም ከ1987ና ከ1988 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ በደላንታ ዳውንት ብዙ ሰው በዚህ በሽታ ተጎድቷል። ከተጎዱትም የሚበዙት ወጣት ወንዶች ነበሩ።

አንድ እፍኝ የጓያ ቆሎ ልጅን ሽባ ያደርጋል ብለን አናስፈራራም፤ እውነት አይደለምና። የሚያስጨንቀን ሌላ ነው። ሽምብራ ሲወደድ ጓያ ይረክሳል። በረከሰበት ዓመት ልጁ በቤቱም የሚበላው የጓያ ሽሮና የጓያ ቂጣ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሱቁም ጓያ ቢሸጥለት በቤት የጀመረውን በትምህርት ቤት ይጨምርበታል። መቁላት መርዙን ይቀንሰው እንደሆነ እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። መርዙ አነስተኛ የሆነ ዋሴ የሚባል ዝርያ ከምርምር መውጣቱን እናውቃለን፤ ነገር ግን በጆንያ ውስጥ ዋሴን ከሌላው ጓያ በዐይን የሚለይ ሰው ስለሌለ በትምህርት ቤት ሱቅ የጓያ ዘር ሁሉ አይግባ እንላለን። ፍሬው እንደ መጥረቢያ ራስ ጠርዝ ጠርዝ ያለው፣ ግራጫ ወይም ቡናማ ነው። ለቃሚዎቹ በሰፌድ ላይ ከሽምብራ ጋር ጎን ለጎን አድርገው አንድ ጊዜ ቢያዩት ከዚያ በኋላ አይስቱትም።

ሁለተኛው በመድኃኒት የተለወሰ ዘር ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን የምግብ እህልና ምርጥ ዘር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩበት ቤት ነው። ለዘር የመጣው በቆሎ ወይም ስንዴ ብዙውን ጊዜ በፀረ ተባይ ወይም በፀረ ሻጋታ መድኃኒት ታሽቶ፣ ለማስጠንቀቂያ ቀይ ወይም ሌላ ቀለም ተቀብቶ ይመጣል። ዘር ጊዜው አልፎ ሲተርፍ «ታጥቦ ይበላል» የሚል ሰው አይጠፋም። አይበላም። ማጠብ ቀለሙን ቢያስለቅቅ እንኳ መድኃኒቱን አያስለቅቅም። ዘሩ የነበረበት ከረጢትም ለቆሎ እህል መያዣ አይሆንም። በዚህ ላይ የመጋዘን ሠራተኛውና የሱቁ ኃላፊ ፊት ለፊት ተነጋግረው እንዲስማሙ የልማት ሠራተኛው ራሱ ሊያገናኛቸው ይገባል። ወረቀት በግድግዳ ላይ መለጠፍ ብቻውን አይበቃም።

ነቀዝን ለመከላከል በጎተራ የሚጣለው የጭስ ክኒንም (አልሙኒየም ፎስፋይድ) እንዲሁ ነው። ከክኒኑ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ባለ ሱቅም ሆነ ከመማሪያ ክፍል ጋር በተያያዘ ዕቃ ቤት ውስጥ ጨርሶ አይገባም። ለሱቁ የሚሆነውን እህል አየር በማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት (ፒክስ በሚባለው) ማስቀመጥ ይቻላል። ከረጢቱ በደንብ ከታሰረ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒትም አያስፈልግም። ነገር ግን እህሉ ከመታሰሩ በፊት የደረቀ መሆን አለበት።

ድርቀቱን በቀላሉ ለማወቅ የሚከተለው ዘዴ ይጠቅማል። አንድ ደረቅ ጠርሙስ እስከ ሲሦው ድረስ እህል ይጨመርበታል። በላዩ ጥቂት በደንብ የደረቀ ጨው ይደረግበትና ክዳኑ ተዘግቶ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይናጣል። ከዚያም ጥቂት ደቂቃ ይቀመጣል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ጨው ካልተጣበቀ ከረጢት ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ይህ ዘዴ ለኦቾሎኒ አይበቃም፤ ኦቾሎኒ ከእህል የበለጠ መድረቅ አለበት። ለእርሱ ከነቅርፊቱ ሲወዛወዝ ፍሬው ውስጡ መንቀጫቀጭ አለበት። በኦቾሎኒ ላይ የምንፈራው አፍላቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝ ነው። በሙቀትና በእርጥበት ጊዜ በፍሬው ላይ የሚበቅል ሻጋታ ይህን መርዝ ያመነጫል፤ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ እንደሆነ ጉበትን ይጎዳል፣ የጉበት ካንሰርም ያመጣል። ባቢሌን በመሰሉ የምሥራቅ ሐረርጌ ኦቾሎኒ አብቃይ ወረዳዎች በተደረጉ ጥናቶች ከገበሬውና ከገበያ በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ መርዙ ተገኝቷል። ቆልቶ መሸጥ ያድናል የሚል ካለ ተሳስቷል፤ የምጣድ እሳት መርዙን በሙሉ አያጠፋውም። የሚጠቅመው ለቀማ ነው። የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ የተሰበረ፣ የሻገተና መራራ ጣዕም ያለው ፍሬ ሁሉ ይወገድ። የተለቀመውን መጥፎ ፍሬ ለዶሮ ወይም ለላም መስጠት አይገባም፤ መርዙ ዶሮዋን ይጎዳል፣ በወተትም በኩል ተመልሶ ወደ ልጁ ይመጣል። ይቃጠል ወይም ይቀበር።

ለቀማው ከሥራው ሁሉ ብዙ ሰዓት የሚበላው ነው። ማኅበሩ ለለቃሚዎች በኪሎ ሳይሆን በቀን ቢከፍል ይሻላል። በኪሎ የሚከፈለው ሰው ይቸኩላል።

ሒሳቡ

ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዋጋዎች ለማስላት ያህል የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

ማኅበሩ 30 ኪሎ ጥሬ እህል በ2,400 ብር ገዛ እንበል። ለለቀማና ለመቁላት 400 ብር፣ ለማገዶ 200 ብር፣ ለጨውና ለማጓጓዣ 120 ብር ወጣ። ጠቅላላ ወጪው 3,120 ብር ነው። አንድ የቡና ስኒ ቆሎ 40 ግራም ያህል ከመዘነ ከአንድ ኪሎ 25 ስኒ ይወጣል። ሒሳብ ያዡ 30 ኪሎን በ25 አባዝቶ 750 ስኒ አገኘ። አንዱን ስኒ በ5 ብር ሸጦ 3,750 ብር አገኛለሁ፣ 630 ብር ይተርፈኛል አለ።

ነገር ግን እህሉ ተለቅሞ፣ ተፈትጎና ተቆልቶ ሲመዘን 26 ኪሎ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ገለባው፣ እርጥበቱና የተለቀመው መጥፎ ፍሬ ቀንሶታል። ከ26 ኪሎ የሚወጣው 650 ስኒ ነው። ሽያጩ 3,250 ብር፣ ትርፉም 630 ሳይሆን 130 ብር ሆነ። ልዩነቱ 500 ብር፣ ይኸውም ያልነበሩ 100 ስኒዎች ዋጋ ነው። ሻጯ ልጅ ሌባ የምትባለው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ባልነበሩ ስኒዎች ምክንያት ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመተመኑ በፊት ከየእህሉ ጥቂት ኪሎ ተቆልቶ በፊትና በኋላ ይመዘን። ውጤቱም በመዝገብ ይጻፍ። እህሉ በተቀየረ ቁጥር ሚዛኑ ይደገም።

ዋጋው ከፍ ቢል ልጁ አይገዛም። ስኒው ቢያንስ ይሻላል እንጂ ዋጋው ለልጅ ኪስ የማይሆን መደረግ የለበትም። ዋጋውም ሻጯ መልስ ለማግኘት የማትቸገርበት ድፍን ብር ይሁን። የሱቁ ገንዘብ ከማኅበሩ ሌላ ሥራ ጋር ሳይቀላቀል በራሱ የገቢና የወጪ መዝገብ ይያዝ። ለወላጆችና መምህራን ኅብረትም በየወሩ ይነበብ። ማኅበሩ ይህን ሥራ ከመጀመሩ በፊት በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ መኖሩን ወይም በጠቅላላ ጉባኤ መወሰኑን የልማት ሠራተኛው ከወረዳው የኅብረት ሥራ ባለሙያ ጋር ሆኖ ያረጋግጥ።

የአሥራ አምስት ደቂቃ ገበያ

የዕረፍቱ ጊዜ 15 ደቂቃ ቢሆን፣ ሻጯም ለአንድ ልጅ 10 ሴኮንድ ብቻ ቢበቃት፣ የምታስተናግደው 90 ልጅ ነው። ስድስት መቶ ተማሪ ባለበት ትምህርት ቤት የቀረው ወደ በሩ ይሄዳል። ስለዚህ ቆሎው ከዕረፍቱ በፊት ተሰፍሮ ይጠብቅ። መስኮቱም ሁለት ይሁን፣ አንደኛው ለትንንሾቹ። በትልልቆቹ መካከል የሚጋፋ ትንሽ ልጅ ሁለት ቀን ሞክሮ በሦስተኛው ይቀራል። ቆሎው የተጻፈበት ደብተር ወይም ጋዜጣ ላይ አይጠቅለል፤ ልጁ ንጹሕ ዕቃ ወይም መሐረብ ይዞ እንዲመጣ ቢለመድ ጥሩ ነው። ባለ ቧንቧ ጀሪካንና ሳሙና ከሱቁ አጠገብ ይቀመጥ፤ ተራ የሚይዘው ልጅ እጁን ታጥቦ ይለፍ።

በትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚቸረችሩትን እናቶች በተመለከተ አቋማችንን ግልጽ እናደርጋለን። እነዚህ ሴቶች በዚያ ገቢ ልጅ የሚያሳድጉ ናቸው። ሱቁ ሲከፈት በጥበቃ እንዲባረሩ የሚጠይቅ ማኅበር ጠላት ያፈራል፤ ልጆቹም ወደ ሌላ ጥግ ተከትለዋቸው ይሄዳሉ። ከዚህ ይልቅ የተለቀመውንና የተቆላውን ቆሎ በጅምላ ዋጋ ለእነርሱም ይሽጥላቸው። እነርሱ ስለ ልጆቹ ምርጫ የሚያውቁትን የማኅበሩ ሊቀ መንበር አያውቀውም። ሻጭ ሲቀጠርም ከእነርሱ መካከል ቢሆን እንመርጣለን።

ስለሚበላሹ ምግቦች

እንቁላል ለልጅ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ አንዱ 6 ግራም ያህል ሰውነት ገንቢ ምግብ ይዟል። ነገር ግን ብዙዎቹ ቤተሰቦች ጿሚ በሆኑበት አካባቢ ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም 55 ቀን ገዢ የለውም። በረመዳን የሚጾሙ ልጆች በሚበዙበት አካባቢ ደግሞ ሽያጩ በጠቅላላው ይቀንሳል። የዓመቱን የጾም ቀኖች በትምህርት ቤቱ የጊዜ ሰሌዳ ላይ ምልክት አድርጎ ግዢውን በዚያ መጠን ማቀድ ያስፈልጋል። እንቁላሉ የዚያኑ ቀን ጧት ተቀቅሎ የዚያኑ ቀን ይለቅ፤ የተረፈውን ለነገ ማሳደር አይፈቀድም። ያልፈላ ወተት ከቶ አይሸጥ።

እኛም ራሳችን በዚህ ተሳስተናል። በአንድ ትምህርት ቤት የስንዴና የባቄላ ንፍሮ እንዲሸጥ መክረን ነበር። ርካሽ ነው፣ ልጆቹም ወደዱት። ያላሰብነው ትምህርቱ በሁለት ፈረቃ መሆኑን ነው። ጧት የተነፈረው ለከሰዓት ፈረቃ ሲቀርብ መሽተት ጀምሮ ነበር። አንድ ትንሽ ልጅ ቀምሶ «ይህ ጠላ ሆኗል» ብሎ መለሰው፤ በዚህም ከፋ ያለ ነገር ሳይደርስ ቀረ። ንፍሮ የሚሸጥ ማኅበር ለየፈረቃው ለየብቻ ይንፈር፤ ይህን ለማድረግ ሰውና ማገዶ ከሌለው በቆሎው ይርጋ።

ገንዘብ የሌለው ልጅ

ዴስክ ላይ ግንባሩን የሚያሳርፈው ልጅ ብዙ ጊዜ 5 ብር የሌለው ልጅ ነው። ሱቅ ለእርሱ በራሱ መፍትሔ አይሆንም። የትምህርት ቤት ምገባ ባለበት ቦታ፣ በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ እንደተደረገው፣ ችግሩ ይቃለላል። እዚያ የማኅበሩ ድርሻ ለወጥ ቤቱ ንጹሕ እህል ማቅረብ ይሆናል። ምገባ በሌለበት ግን ከትርፉ የተወሰነ ድርሻ ለእነዚህ ልጆች እንዲውል በጉባኤ ይወሰን። ከላይ ባየነው ሒሳብ 130 ብር በዋጋው 26 ስኒ ነው። ትንሽ ነው፤ ሆኖም ከአንድ ዙር ቆሎ የተገኘ ነው። አሰጣጡ ላይ ጥንቃቄ ይደረግ። ልጁ በሰልፍ ላይ «ነፃ» ተብሎ እንዳይጠራ። የክፍሉ መምህር ስሙን ይያዝ፤ ገዝቶ ለመጣው ልጅ የሚሰጠው ዐይነት ካርድ ጧት ይስጠው፤ ሻጯም ካርዱን ተቀብላ እንደ ማንኛውም ልጅ ትስፈርለት።

ሰኔ ላይ ፈተና ሲያልቅ ሱቁ ይዘጋል። ከመዘጋቱ ሁለት ሳምንት በፊት መቁላት ይቁም፤ የተቆላው ይለቅ። ቆሎ የክረምቱን እርጥበት ስቦ ይሻግታልና ለመስከረም ብሎ ማስቀመጥ አይቻልም። ጥሬው እህል በጨው ጠርሙስ ተፈትኖ ወደ ማኅበሩ መጋዘን ይመለስ፤ ከዘሩ ተለይቶ በተቃራኒው ጥግ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይቀመጥ። ቆርቆሮዎቹ ታጥበው፣ ደርቀው፣ ክዳናቸው ተከፍቶ ይደፉ። ቁልፉን ርእሰ መምህሩ ይያዘው።